ጃኪን ስለ ፖል ጠየቁት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላሉ ሁለት ሰዎች ላወራችሁ ነው። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አንዱ ፖል ሮብሰን፣ ሌላው ጃኪ ሮቢንሰን። ስማቸው ስለሚመሳሰል እንዳላምታታችሁ፣ በኛ ደንብ ፖል እና ጃኪ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጃኪን አሜሪካ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 የቤዝቦል ተጫዋቾች በሙሉ 42 ቁጥር ለብሰው ሲገቡ አይታችሁ ይሆናል፤ የሱ ቁጥር ነው። ፖልን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በአንድ ወቅት ከጃኪ የበለጠ ዝነኛ ነበር ብላችሁስ? ያ ሁሉ ዝና ደግሞ እንዲሁ በጊዜ ብዛት የተረሳ አይደለም፣ ሰዎች ሠርተውበታል። እመጣበታለሁ።

ፖል የተወለደው 1898 ኒው ጀርሲ፣ ፕሪንስተን ነው። አባቱ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። በ15 ዓመቱ ከሰሜን ካሮላይና አምልጦ ወጣ፣ ከዚያ ተምሮ ሰባኪ ሆነ። ይህን አባት ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ልጁ በ1915 ስኮላርሺፕ አግኝቶ ሩትገርስ ኮሌጅ ሲገባ ግቢው ውስጥ ሌላ ጥቁር ተማሪ አልነበረም። እሱ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ልጫወት አለ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የገዛ ቡድኑ ልጆች አፍንጫውን ሰበሩት፣ ትከሻውን አወለቁት። አልጋ ላይ ከርሞ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ አንዱ ሆን ብሎ በታኬታው እጁን ረገጠው። ጥፍሮቹ ተነቀሉ። ፖል በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ከዚያ ወዲያ ያየው ነገር አልነበረም፤ ቀጥሎ ኳስ ይዞ የመጣውን ልጅ በሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ መሬት ላይ ሊፈጠፍጠው ሲል አሰልጣኙ ጮኸ፣ «ዋናው ቡድን ውስጥ ገብተሃል!» አለው። እኔን የሚገርመኝ የጩኸቱ ሰዓት ነው። ጥፍሩ ሲነቀል አልጮኸም እኮ።

በ1917 እና በ1918 ከመላ አገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ተባለ። ትምህርቱም ላይ እንደዚያው ነው፣ የዓመቱ ተመራቂዎችን ወክሎ ንግግር ያደረገው እሱ ነበር። ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፣ በጎን እየተከፈለው ኳስ ይጫወታል። ኒው ዮርክ አንድ የጥብቅና ቢሮ ተቀጠረ። ነጯ ጸሐፊ ከጥቁር አፍ እየሰማሁ አልጽፍም አለችው። ጥሎ ወጣ። ጥብቅና በዚያው አበቃ፣ ሰውዬው ወደ መድረክ ሄደ።

ድምፁን ካልሰማችሁት ይቺን ክፍል ስትጨርሱ ፈልጋችሁ ስሙት። ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ነው። በ1928 ለንደን ላይ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ስለሚለፋ ጥቁር ወዛደር የሚያወራውን ዘፈን ሲዘፍን ከተማው አበደለት። ዘፈኑ በመጀመሪያ ግጥሙ ደክሞኛል፣ በቃኝ የሚል የልቅሶ ዘፈን ነው። ፖል ቆይቶ ስንኞቹን በራሱ ሥልጣን ለወጣቸው፣ እስክሞት እታገላለሁ የሚል አደረገው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የዘፈነው።

ኦቴሎንም ተጫወተ። እኛ አገር በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን ኦቴሎ ማለቴ ነው። በ1943 ብሮድዌይ ላይ ነጭ ተዋንያን መሀል ጥቁር ኦቴሎ ሆኖ ቆመ፣ 296 ጊዜ ታየ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ተመልካች ይሄን አይቀበልም ሲባል ነበር የኖረው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኦቴሎ እየታየ ባለበት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፖል ከጥቁር ጋዜጣ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ የቤዝቦል ቡድን ባለቤቶች ስብሰባ ላይ ገባ። ያኔ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ አንድም ጥቁር አይጫወትም፤ የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ፖል ለባለቤቶቹ የራሱን ነገር አነሳላቸው። እኔንም አይሆንም ብለውኝ ነበር፣ ይኸው ሆነ፣ እናንተም በሩን ክፈቱ አላቸው። አጨበጨቡለት። ከጭብጨባው በኋላ የሆነ ነገር የለም።

በዚያን ሰዓት ጃኪ የጦር ሠራዊት መኮንን ነው። በ1944 ቴክሳስ ውስጥ አውቶቡስ ሹፌር ወደ ኋላ ሂድ ሲለው አልሄድም ብሎ ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በነጻ ተለቀቀ። ይህን የምነግራችሁ ጃኪ ጭምት ሰው ነበር የሚል ወሬ ስላለ ነው። ጭምት አልነበረም፣ ቁጡ ነበር። ጭምትነቱ የመጣው በስምምነት ነው። በ1945 ብሩክሊን ዶጀርስ የሚባለው የትልቁ ሊግ ቡድን አለቃ ብራንች ሪኪ ጠርቶ፣ አስገባሃለሁ፣ ግን ቢሰድቡህም ቢመቱህም መልስ አትሰጥም አለው። ጃኪ እሺ አለ። በ1947 ኤፕሪል 15 ገባ። በዚያው ወር የፊላደልፊያ ቡድን አሰልጣኝ ሜዳ ዳር ቆሞ ለጆሮ የሚከብድ ስድብ ያወርድበት ነበር፣ በኦገስት ደግሞ አንድ የሴንት ሉዊስ ተጫዋች በታኬታ እግሩን ረገጠው። ታኬታው አይለቃቸውም እነዚህን ሰዎች። ጃኪ ቻለው። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ሁለት ዓመት እንለፍ። 1949። ቀዝቃዛው ጦርነት ተጀምሯል፣ ኮሚኒስት መባል ሥራ የሚያሳጣበት ጊዜ ነው። ፖል ፓሪስ ላይ የሰላም ጉባኤ ላይ ተናገረ። የአሜሪካ ጋዜጦች፣ ጥቁሮች ሶቪየት ኅብረትን ለመውጋት አይዘምቱም አለ ብለው አወጡት፤ የተናገረው እና የተጻፈው አንድ አልነበረም፣ ግን ማን ያጣራል። አገር ተንጫጫ። እና ኮንግረስ ውስጥ «ፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ» የሚመረምረው ኮሚቴ ይህን ንግግር የሚያስተባብል ጥቁር ፈለገ። ማንን? በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ የተባለውን፣ ነጩም ጥቁሩም የሚያጨበጭብለትን ጃኪን።

ግምገማ ያለፈበት ሰው ይህን ወንበር ያውቀዋል። «በእገሌ ላይ ያለህን አቋም ግለጽ» ይባላል። እምቢ ካልክ አንተም እንደሱ ነህ፣ እሺ ካልክ ደግሞ… ያው ታውቁታላችሁ።

ጃኪ ባይሄድም ይችል ነበር፣ የመቅረብ ግዴታ አልነበረበትም። ሪኪ ሂድ አለው። እሱም ፖል የተናገረው ጥቁር ሁሉ እንዲጠረጠር ያደርጋል ብሎ ከልቡ ሰግቷል። ጁላይ 18 ዋሽንግተን ቀርቦ አነበበ። ፖል እንዲያ ብሎ ከሆነ የቂል ንግግር ነው አለ። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ነገር ነበር። ስለ ፍርድ ቤት አድልዎ፣ ስለ ፖሊስ ጭካኔ፣ ሰውን ያለ ፍርድ ስለመስቀል የጮኸው ኮሚኒስት ስለሆነ ብቻ የነገሩ እውነትነት አይቀርም ብሏል። እዚያው ኮሚቴው ፊት! በ1949! በነጋታው ጋዜጦቹ ያጎሉት የትኛውን ክፍል እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ጋዜጠኞች ወደ ፖል ሮጡ፣ መልሶ እንዲሰድበው። አልሰደበውም። ነገሩን የኔና የጃኪ ጠብ አታደርጉትም አላቸው። ሁለት ጥቁር ዝነኞች ሲናከሱ ማየት የጓጓ ሕዝብ ነበር፣ ይሄኛው ሰው ያንን ደስታ ነሳቸው። እኔ ከፖል ሕይወት አንድ ነገር ምረጥ ብትሉኝ ከድምፁም ከኦቴሎም በፊት ይቺን እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ፒክስኪል የምትባል የኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ ሊዘፍን ሲል መንጋ ዝግጅቱን በተነው። ሳምንት ቆይቶ ሴፕቴምበር 4 ተመልሶ ዘፈነ፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ አውቶቡሱና መኪናው ላይ ድንጋይ ዘነበ፣ ከ140 ሰው በላይ ተጎዳ። በ1950 መንግሥት ፓስፖርቱን ቀማው። አዳራሽ የሚያከራየው ጠፋ። በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያስገባ የነበረ ሰው ጥቂት ሺህ ብቻ የሚያገኝ ሆነ። ከ1918 ምርጥ ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ እንኳ ስሙን ያወጡበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዓመት ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለው ማለት ነው፣ አሥር ሰው ይዞ ቀረ። ቅድም ሠርተውበታል ያልኳችሁ ይሄንን ነው።

እሱ ግን መንገድ አያጣም። በ1952 ካናዳ እንዳይሻገር ሲከለከል ድንበሩ አፍንጫ ላይ የጭነት መኪና አቁሞ እላዩ ላይ ወጥቶ ዘፈነ፣ ሰው ከሁለቱም አገር በኩል መጥቶ ሰማው። በ1957 ደግሞ ዌልስ ያሉ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጋበዙት። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚያውቃቸው ወዳጆቹ ናቸው። መሄድ አይችልም። ስለዚህ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ገባ፣ እነሱ አዳራሽ ውስጥ በሺዎች ተሰበሰቡ፣ እና ውቅያኖስ ሥር በተዘረጋው የስልክ ገመድ ዘፈነላቸው። ገመዱ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመቱ ነው። እነሱም በስልኩ መልሰው ዘመሩለት።

በ1956 ኮሚቴው እሱንም ጠራው። አንዱ የምክር ቤት አባል ሩሲያን ይህን ያህል ከወደድክ ለምን እዚያው አልቀረህም አለው። አባቱን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። «አባቴ ባሪያ ስለነበረ፣ ወገኖቼም ይህን አገር ለመገንባት ስለሞቱ ነው፤ እዚሁ እኖራለሁ፣ እንደ አንተው ድርሻዬን እይዛለሁ» አለ። ፓስፖርቱ የተመለሰለት ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውን በእምነቱ ፓስፖርት መከልከል አይቻልም የሚል ውሳኔ ከሰጠ በኋላ።

ፖልን መልአክ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ ግን። የስታሊንን ነገር አይቶ ዝም ብሏል። በ1949 ሞስኮ ላይ ኢትሲክ ፌፈር የሚባል አይሁዳዊ ባለቅኔ ወዳጁን አግኝቶታል፤ ሰውዬው ያኔ እስረኛ ነበር፣ በ1952 ተረሸነ። ፖል ያን ሰሞን ሞስኮ መድረክ ላይ የአይሁድ አርበኞችን መዝሙር በራሳቸው ቋንቋ ዘፈነ። ደፋር ነገር ነው። አገሩ ሲመለስ ግን በአደባባይ ስለ ወዳጁ ትንፍሽ አላለም። ለአሜሪካ ጠላቶች መሣሪያ አልሰጥም በሚል ይመስለኛል… አይ፣ ለአሜሪካ ሳይሆን ለሶቪየት ጠላቶች። እኔ ይቺ አትዋጥልኝም። ለማያውቃቸው ወዛደሮች የጮኸ ሰው ለሚያውቀው ሰው ዝም ማለቱ።

እና ሰው ሁሌ ይጠይቃል፣ ማን ነበር ትክክል፣ ፖል ወይስ ጃኪ? እኔ ጥያቄው ራሱ የኮሚቴው ጥያቄ ነው የሚመስለኝ። በ1943 ለነጃኪ በር ይከፈት ብሎ የለመነው ፖል ነው። በሩ ሲከፈት ደግሞ የገባውን ሰው መጀመሪያ ዝም በል አሉት፣ ቀጥሎ ተናገር፣ ስለዚያኛው ተናገር አሉት። ነጭ ተጫዋች ስለ ነጭ ዘፋኝ አቋምህን ግለጽ ተብሎ ዋሽንግተን ሲጠራ አልሰማሁም። ታለንትህን እንፈልጋለን፣ ግን አስቀድመህ ማንን እንደማትመስል ንገረን ነው ነገሩ።

ጃኪ ይሄ የገባው ይመስለኛል። ኳስ ካቆመ በኋላ ሰልፍ ወጣ፣ በ1960 ኒክሰንን ደገፈ፣ ቆይቶ ተከፋ፣ ብዙ ነገር ሞከረ። በ1972፣ በሞተበት ዓመት፣ የወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ ስለዚያ ቀን ጻፈ። ያኔ በአሜሪካ ፍትሕ የበለጠ እምነት ነበረኝ፣ ዛሬ ቢጠሩኝ አልሄድም አለ። ፖልም ለወገኑ ብሎ ሀብቱንና ሥራውን የከፈለ ሰው ነው፣ ለሱ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር አድርጓል። ከርት ፍለድ የሚባል የሴንት ሉዊስ ጥቁር ተጫዋች ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎ በ1969 ሳይጠየቅ ለፊላደልፊያ ተሰጠ። እኔ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ አይደለሁም ብሎ 90 ሺህ ዶላር ደመወዙን ትቶ ሊጉን ከሰሰ። ችሎቱ በ1970 ኒው ዮርክ ሲሰየም ከሚጫወቱት አንድም ሰው ምስክር ሆኖ አልመጣለትም፣ ሥራቸውን ፈርተው። ጃኪ መጣ። ስኳሩ አድክሞታል፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀርቦ፣ ይህ አሠራር ለባለቤቶቹ ብቻ ያደላ ነው ብሎ መሰከረ።

ፍለድ በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 ተሸነፈ። ነገር ግን ዛሬ ተጫዋቾች ቡድናቸውን መርጠው በሚሊዮን የሚፈርሙበት መንገድ ከዚያ ክስ ጋር የተያያዘ ነው፣ ታሪኩም ረጅም ነው። የሚቀጥለው ክፍል ሙሉውን የሱ ነው። ቻው፣ ደህና ሰንብቱ።