«ናይፍ» ብሎ ሲጽፍ ኬ የሚጎድልበት ልጅ

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። በዛፍ ጥላ ሥር የተከፈተ ደብተር።]

ልጁ ቢላዋን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በኤን ጀመረ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ከፊቱ ኬ ጨመሩበት። ልጁ ግን የጻፈው የሰማውን ነው፤ «ናይፍ» ሲባል ኬ የት አለች?

ወላጆች፣ እባካችሁ ሰነፍ አትበሉት። ፊደል ሲቆጥር የለመደው የሰማውን መጻፍ ነው፤ «ቡ» ከተባለ «ቡ» ነው። እንግሊዝኛ ግን ከ40 የሚበልጡ ድምፆችን በ26 ፊደላት ያሸክማል።

ያቺ ኬ ድሮ ትነበብ ነበር፤ ቃሉም «ክኒፍ» ይባል ነበር። ዊልያም ካክስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ ወዲህ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም፤ ኬ ከአፍ ወጥታ ወረቀት ላይ ቀረች።

[ምስል፦ ሰሌዳ ላይ «ፀሐይ»።]

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፀሐይ በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍ ጆሮ አይነግረንም፤ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ፊደላት በአማርኛ አንድ ሆነዋልና። ልጁ ፀሐይን የለመደው በዓይኑ ነው። ኬንም በዚያው ዓይን እንደሚለምዳት ንገሩት።

[ምስል፦ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ።]

የድሬዳዋ ልጅ ደግሞ ሌላም ሸክም አለበት። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ተጽፈው በየደጃፉ ያያል። ኤክስ በቁቤ «ጥ» ናት፣ በሶማልኛ «ሕ»፣ በእንግሊዝኛ «ክስ»። ስለዚህ «ፎክስ» የሚለውን «ፎጥ» ብሎ ቢያነብ ከመቆጣት በፊት «በየትኛው ቋንቋ አነበብከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱን የሚለይበትን በር የምትከፍትለት ይህች ጥያቄ ናት፤ እኔ ከሁሉም አስበልጣታለሁ።

ለልምምዱ በቀን ሦስት አራት ቃል ይበቃል። ቃሉን ይመልከት፣ በእጁ ይሸፍነው፣ ሳያይ ይጻፈው፣ ገልጦ ራሱ ያመሳክር። ሃያ ጊዜ ማስገልበጥ እጅን ያደክማል እንጂ ቃሉን ልብ ውስጥ አያስቀምጥም።

ለአስቸጋሪዎቹ ቃላት የቤት አነባበብ ስጧቸው። ረቡዕ «ዌንስዴይ» ይባላል፤ ሲጽፍ ግን በልቡ «ዌድ-ነስ-ዴይ» ይበል። የዎደን ቀን ማለት ነው፤ የማትሰማው ዲ የዚያ የጥንት አምላክ ስም ቅሪት ናት። ልጆች እንዲህ ያለ ታሪክ የያዘን ፊደል በቀላሉ አይረሱም።

[ምስል፦ ልጁ ደብተሩን በመዳፉ ሸፍኖ ይጽፋል።]

ዛሬ ማታ በቢላዋው ጀምሩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ክ-ናይፍ» ይበል፤ ከዚያ ይሸፍናት።