አጥብቆ የሚያነበን ባላንጣ

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይም ደግሞ የሥዕል ደብተራችሁን ታቅፋችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ርዕሴ ማንጋ ነው፤ ጃፓኖች በተከታታይ ሥዕል የሚተርኩት ታሪክ። ጎራዴ የሚመዘዝባቸውንና ጭራቅ የሚታደንባቸውን ለሌላ ተናጋሪ ትቼ ስለ አንድ ዓይነት ማንጋ ብቻ እናገራለሁ፤ ወጣቶች ለመሣል፣ ለመጻፍ ወይም ለመተወን ዕድሜያቸውን የሚሰጡበትንና እርስ በርስ የሚፎካከሩበትን። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ትልቁ ፍልሚያ አንድ ልጅ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ሲያድር ነው። ለማየት ይህን ያህል አሰልቺ የሆነ ነገር እንዴት ነው ሰውን እንቅልፍ የሚነሳው? መልሱ ያለው ተፎካካሪው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ዘንድ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚባል ጸሎት አለ። አብዛኛውን ጊዜ የምንጸልየው ለጉራ ነው፤ ምቀኛ ያለው ሰው የሚያስቀና ነገር አለው ለማለት ያህል። ዛሬ የማነሣቸው ደራሲያን ግን ጸሎቱን ከልባቸው የሚጸልዩት ይመስለኛል። ባላንጣ የሌለው ሠዓሊ፣ ሥራውን መስመር በመስመር የሚመረምርለት ሰው የሌለው ሠዓሊ ነው ይሉናል።

በ«ባኩማን» ልጀምር። ደራሲው ጹጉሚ ኦባ፣ ሠዓሊው ታካሺ ኦባታ ይባላሉ። ጹጉሚ ኦባ የብዕር ስም ሲሆን ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለአደባባይ አልተገለጸም። ሁለቱ ቀደም ሲል «ዴዝ ኖት» በተባለው ሥራ ዓለምን ያስደነገጡ ናቸው። «ባኩማን» እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 «ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቶ በ20 ቅጽ ተጠናቀቀ። ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሞሪታካ ማሺሮ የሚባል ሥዕል የሚችል ተማሪ ደብተሩን ክፍል ውስጥ ረስቶ ይሄዳል። ደብተሩን ያገኘው አኪቶ ታካጊ በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣ፣ መጻፍ እንጂ መሣል የማይችል ልጅ ነው። «አንተ ሣል፣ እኔ ልጻፍ» ይለዋል። ማሺሮ ያመነታል፤ ምክንያት አለው። አጎቱ የማንጋ ሠዓሊ ነበር፤ አንድ ሥራው ታዋቂ ሆኖለት፣ ቀጥሎ የሞከረው ሁሉ ሳይሳካለት፣ ራሱን በሥራ ጨርሶ ሞቷል። ልጆቹ በመጨረሻ ሥራ የሚጀምሩት የሟቹን ክፍል ከፍተው፣ እሱ ትቶት በሄደው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሞት አብሯቸው እንደተቀመጠ ልብ በሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት መጽሔቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። «ሾነን ጃምፕ» በ1968 የተጀመረ፣ ሹኤይሻ የተባለው አሳታሚ የሚያወጣው መጽሔት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዱ ዕትም ከ6 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ይታተም ነበር። በየሳምንቱ ሃያ ያህል ተከታታይ ታሪኮች ይወጡበታል፤ አንዱ ታሪክ በሳምንት ሃያ ገጽ አካባቢ ነው። ከመጽሔቱ ጋር የአስተያየት ፖስት ካርድ አለ፤ አንባቢው ከወደዳቸው ታሪኮች ሦስቱን መርጦ ይልካል። ካርዶቹ ይቆጠሩና ታሪኮቹ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ታች የቀረ አዲስ ሥራ ከአሥር ሳምንት ብዙም ሳይዘልቅ ሊቋረጥ ይችላል። ጀግናው ተራራው ግማሽ ላይ ቢሆንም ዕጣው ያው ነው።

«ባኩማን» ይህን አሠራር አልደበቀም። በዚያው መጽሔት ላይ እየወጣ፣ በዚያው ፖስት ካርድ እየተዳኘ፣ የዳኝነቱን ጓዳ ለአንባቢ ከፈተ። ሥራውን ስናነብ የምንጓጓው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው ራሱ ዳኛ ነውና እጁ ያለበትን ጉዳይ ነው የሚያነበው። የአሳታሚ ቤት ስብሰባ እንደ ፍርድ ቤት ችሎት ሲያስጨንቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ባላንጣው ኤይጂ ኒዙማ ይባላል፤ ከአኦሞሪ የመጣ ታዳጊ ነው። ሲሥል ይጮኻል፣ በአፉ የፍንዳታ ድምፅ ያወጣል፣ ወንበሩ ላይ ይዘላል። ማሺሮና ታካጊ አስልተውና ተከራክረው የሚደርሱበትን እሱ በደመ ነፍስ ይደርስበታል። ደካማ ደራሲ ቢሆን ኤይጂን ትዕቢተኛ አድርጎ ስሎት በመጨረሻ ያስወድቀው ነበር። ኦባ ግን የልጆቹ የመጀመሪያ አድናቂ አደረገው። ሥራቸውን ከማንም ቀድሞ ያነባል፤ የትኛው ክፍል እንደደከመ፣ የትኛው ደግሞ እንደበለጠው ይናገራል፤ ሲበልጡትም ይደሰታል።

አንድ ቦታ ላይ ማሺሮ ታሞ ሆስፒታል ይገባል። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ቀን ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ሥዕል። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ሥራው እንዲቆም ይወስናል። እውነቱን ለመናገር የዚህን ዋና አዘጋጅ ውሳኔ ሳነበው ትክክል ነው አልኩ፤ የማንኛውም እናት ውሳኔ ነው። ተፎካካሪዎቹ ግን ተቆጡ። ፉኩዳ የሚባለው ተናዳጅ ወጣት አስተባበረና ኤይጂን ጨምሮ የማሺሮን ቦታ ሊወስዱ የሚችሉት ሠዓሊዎች የራሳቸውን ሥራ አናስረክብም አሉ። የአንዱ ገጽ ሲጎድል የሚጠቀሙት እነሱ ነበሩ፤ እነሱ ግን በጎደለ ሜዳ ማሸነፍ አልፈለጉም። ሥራው ውሎ አድሮ ወደ መጽሔቱ ቢመለስም አንባቢው ቀዝቅዞ ቆየውና ተቋረጠ። ደራሲው ወዳጅነቱን ባልተገባ ስኬት አልሸለመውም፤ ይህን አከብርለታለሁ።

ኤይጂ ሌላም ጉድ አለው። ሥራ ሲጀምር ዋና አዘጋጁን፣ «የመጽሔቱ ቁንጮ ከሆንኩ የምጠላውን አንድ ታሪክ የማስቆም መብት ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሁሉም የማንን ሊያስቆም ይሆን እያለ ይሰጋል። ዓመታት አልፈው ሲታይ ለካስ ሊያስቆመው የፈለገው የራሱን ዝነኛ ሥራ ነው፤ ከራሱ ጋር መፎካከር ጀምሯል። ባላንጣዎቹ ደግሞ አንደኛነቱን ነጥቀው ሥራው እንዳይቋረጥ ለማድረግ ይረባረባሉ። ተፎካካሪውን ከሜዳው እንዳይወጣ ለማቆየት ሲል የሚበልጠው ሰው! ይህን የመሰለ ሐሳብ በሌላ ድርሰት ውስጥ አላጋጠመኝም።

ከኤይጂ ተቃራኒ ናናሚኔ የሚባል ወጣት አለ። በኢንተርኔት ብዙ ሰዎችን በስውር ያሰባስብና የእነሱን ሐሳብ እየለቀመ ታሪክ ይሠራል። ስለ ማሸነፍ እንጂ ስለ ሥራው ግድ የለውም፤ የሰውን ሥራ የሚያነበው የመስረቂያ ቀዳዳ ለመፈለግ ነው። ደራሲው ክፉ ብሎ የቀረጸው እሱን ነው።

አሁን ወቀሳዬን ላሰማ። «ባኩማን» ሴቶችን የሚይዝበት መንገድ ያበሳጨኛል። ማሺሮ የሚወዳት አዙኪ የካርቱን ፊልም ድምፅ ተዋናይት መሆን ትፈልጋለች። ሁለቱም ሕልማቸው እስኪሳካ ላይገናኙ፣ ሲሳካ ግን ሊጋቡ ይማማላሉ። ለአንድ ምዕራፍ ያምራል፤ ለሃያ ቅጽ ግን ልጅቷ የስልክ መልእክት ላኪ ሆና ትቀራለች። የእሷ ሙያ፣ የእሷ ባላንጣ፣ የእሷ ሌሊት የት አለ?

ይህን ጥያቄ ሱዙኤ ሚኡቺ ከረጅም ጊዜ በፊት መልሳዋለች። «የመስታወት ጭንብል» የተባለው ሥራዋ በ1976 ተጀምሮ 49 ቅጽ ላይ ደርሶም አልተጠናቀቀም። ማያ ኪታጂማ የምግብ ቤት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ መልኳ ተራ፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው። አዩሚ ሂሜካዋ የፊልም ዳይሬክተርና የዝነኛ ተዋናይት ልጅ ናት፤ ውበትም፣ ሀብትም፣ ሥልጠናም አላት። ሁለቱ የሚሻሙት አንዲት አሮጊት ተዋናይት ለማንም ሳትሰጥ የያዘችውን አንድ ታላቅ ገጸ ባሕርይ ነው። ቀላሉ መንገድ ባለጸጋዋን ክፉ ማድረግ ነበር። ሚኡቺ ግን አዩሚን ሌት ተቀን የምትለፋ፣ የማያን ተሰጥኦ ከማንም በላይ የምታውቅና በዚያም የምትሰቃይ ሴት አደረገቻት። አንዲት ሴረኛ ልጅ ማያን በተንኮል ከመድረክ ስታስባርራት የተበቀለችላት አዩሚ ናት። አልከሰሰችም፣ አላጋለጠችም፤ ከሴረኛዋ ጋር በአንድ ቴአትር ተጫውታ በትወና ብቻ አደቀቀቻት። ማያን ከመድረክ የማውረድ መብት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ያለች ይመስላል።

«ይህ ልብ ወለድ ነው፤ በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ባላንጣ የለም» የሚል ካለ ወደ ቶኪዮ፣ ቶሺማ ወደሚባለው ክፍለ ከተማ ልውሰደው። የማንጋ ሠዓሊዎች የሚከራዩት ቶኪዋሶ የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነበር። አንዱ የኪራይ ክፍል ከ7 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ማድ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ በ1953 ገባበት። በዓመቱ ለቆ ሲወጣ ክፍሉን የወረሱት ከቶያማ የመጡ ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሂሮሺ ፉጂሞቶና ሞቶዎ አቢኮ። አብረው «ፉጂኮ ፉጂዮ» በሚል አንድ ስም ይሠሩ ነበር። ቀጥለው ሾታሮ ኢሺኖሞሪ፣ ፉጂዮ አካጹካ፣ ኋላም ሂዴኮ ሚዙኖ የተባለችው ብቸኛዋ ሴት ነዋሪ መጡ። ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ፣ የአንድ መጽሔት ገጾች የሚሻሙ፣ አንዱ ሲያገኝ ሌላውን የሚጋብዝ ሰዎች ነበሩ።

ሁለቱ ፉጂኮዎች ቶኪዮ በገቡ ማግሥት የመጣላቸውን ሥራ ሁሉ እሺ ብለው ተቀበሉ። በ1955 መባቻ ለአዲስ ዓመት አገራቸው ገብተው ቤተሰብ ናፍቆት ሲወጡ የብዙ መጽሔቶች ቀነ ገደብ አለፈባቸው። አዘጋጆቹም ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ሥራ ደረቀ። ሙያውን ሊተዉት ሲያመነቱ ያጽናናቸው የቤቱ ታላቅ የነበረው ሂሮዎ ቴራዳ፣ ያው ተፎካካሪያቸው ነው። አቢኮ ያን ዘመን ከ1970 ጀምሮ «የማንጋ መንገድ» በተባለ ሥራው ተረከው። ከ«ባኩማን» አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሁለት ልጆች አብረው ሲሥሉ ያየነው እዚያ ነው።

ስለ ቴዙካ ደግሞ የምወደው አንድ ታሪክ አለ፤ ኢሺኖሞሪ ራሱ የተናገረው። ኢሺኖሞሪ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ቴዙካ ጠርቶት በረዳትነት ያሠራው ልጅ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ቃል እምብዛም በሌለበት «ጁን» በተባለ ሥራው፣ ቴዙካ ራሱ ባቋቋመው መጽሔት ላይ፣ ማንም ያልሞከረውን መሞከር ጀመረ። የማንጋ አምላክ የሚባለው ሰው ቀና። ለአንድ አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ ሥራውን አጣጣለው፤ ወሬው ኢሺኖሞሪ ጆሮ ደረሰና ልጁ መሣሉን ሊያቆም ተነሣ። ያኔ ቴዙካ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ከተራ አንባቢዎች መካከል «ጁን»ን አይቶ ያለፈው ብዙ ይሆናል። ቴዙካ ግን ማለፍ አልቻለም፤ የሥራውን አዲስነት በሕመም የለካው እሱ ነው።

ቤቱ በ1982 ፈርሷል፤ በ2020 በአምሳያው የተሠራ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። ቴዙካ በ60 ዓመቱ አረፈ፤ ኢሺኖሞሪም በ60፤ ፉጂሞቶ በ62። ምክንያቱ ሁሉ ሥራ ነው አልልም፤ አቢኮ 88 ዓመት ኖሯል። ነገር ግን እነዚህ ታሪኮች እንቅልፍ ማጣትን እንደ ጀብዱ ሲያሞግሱ ዓይኔን አጠባለሁ። በሳምንት ሃያ ገጽ የሰው ልጅ ያወጣው ሕግ ነው፤ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

የመጨረሻው ሥራ አጭር ነው። በ2021 ታጹኪ ፉጂሞቶ፣ ስሙ ከቀደመው ፉጂሞቶ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ሰው ነው፣ «ሉክ ባክ» የተባለ 143 ገጽ ታሪክ በኢንተርኔት አወጣ። ፉጂኖ የምትባል ተማሪ በትምህርት ቤቷ ጋዜጣ ላይ ባለ አራት ሣጥን ቀልድ ትሥላለች፤ ሁሉም ያደንቃታል፣ እሷም ታምናለች። አንድ ቀን ከሥዕሏ ጎን ኪዮሞቶ የምትባል፣ ከቤት የማትወጣ ልጅ ሥዕል ይታተማል። የትምህርት ቤት ኮሪደር ብቻ ነው የሣለችው፤ ነገር ግን የፉጂኖ ሥዕል ከጎኑ ሲታይ የሕፃን ሙጭርጭር ይሆናል። ፉጂኖ በእልህ መጻሕፍት ገዝታ መለማመድ ትጀምራለች፤ ወቅቶች ይፈራረቃሉ፣ ጀርባዋን ብቻ እናያለን። ከዓመታት በኋላም አልደረሰችባትምና ትተወዋለች።

በምረቃው ቀን የኪዮሞቶን ምስክር ወረቀት እንድታደርስ ትላካለች። ኪዮሞቶ እየሮጠች ወጥታ «ፉጂኖ መምህሬ» አለቻትና አድናቂዋ መሆኗን፣ ሥራዎቿን ሁሉ መከታተሏን ነገረቻት፤ ልብሷ ጀርባ ላይም አስፈረመቻት። ለምን መሣል እንዳቆመች ስትጠየቅ ፉጂኖ ለውድድር እየተዘጋጀሁ ነው ብላ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። ከዚያም በዝናብ ውስጥ እየዘለለች ቤቷ ገባችና ልብሷን ሳትቀይር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። የቀረውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ አንብቡት።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አሁን ሥራ አለን። ስትገቡ እያንዳንዳችሁ ከሥራችሁ አንድ ገጽ እንድታመጡ ተነግሯችኋል። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ፤ ወዳጃችሁ ከሆነ ቦታ ቀይራችሁ ከማታውቁት ጋር ተቀመጡ። «ያምራል» የሚለው ቃል ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ክልክል ነው። የትኛው መስመር እንዳስቀናችሁና የትኛው እንደደከመ ከገጹ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ አዘጋጆቹ ያድላሉ።