ወሊሶ ላይ ውረዱ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነው የማወራችሁ። እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ስለ ተራራ ሐይቆች ነው። በእግር ስለ መጓዝ፣ ስለ መቅዘፍ፣ ዓሣ ስለ ማጥመድም ትንሽ አወራለሁ።

የጅማ ልጅ የአዲስ አበባን መንገድ በቃሉ ያውቀዋል። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ ከዚያ የጊቤ ቁልቁለትና ያ ሙቀት፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወሊሶ። ወሊሶ ስንደርስ ሁላችንም ስልክ አውጥተን "ደርሻለሁ በቃ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ" እንላለን። እዚያው ወሊሶ ላይ ግን ወደ አምቦ የሚገነጠል መንገድ አለ፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ከእግራችሁ ስር ወንጪ ይከፈታል። ስንቶቻችን ነን ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለሰርግና ለለቅሶ በዚያ በኩል ስንመላለስ ኖረን አንድም ቀን ያልወረድነው? ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ ማይክ የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

ወንጪ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ተራራው ፈንድቶ መሀሉ ወደ ውስጥ ወረደ፣ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ዙሪያውን የከበበው የተራራ ጠርዝ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት። እና ከቤታችን ተነስተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለናል ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ስድስት ሰባት ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ጅማ ቲሸርት ለብሶ የወጣ ሰው እዚያ ጋቢ ይፈልጋል።

አብዛኛው ሰው እንዴት ነው የሚጎበኘው መሰላችሁ። እኩለ ቀን ላይ በመኪና ይመጣል፣ ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይመለሳል። እኔ ይሄን ሐይቅ ማየት አልለውም። ሐይቅ በእግር ተወርዶለት፣ ውሃው ላይ ተወጥቶ፣ ዳሩ ታድሮ ነው የሚታወቀው። ማደሩ ላይ በተለይ አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ምርጡ ሰዓት ሰው ሁሉ በሌለበት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

እግር ጉዞውን ላውራ። ከጠርዙ ወደ ሐይቁ መውረድ ቀላል ነው፣ እንደውም ስለሚቀል ሰው ይሮጣል። ጉልበት የሚፈተነው ስትመለሱ ነው። ዳገቱ ቁም ነው፣ አየሩ ሳስቷል፣ ደረት ይጠብባል። እኔ ስወጣ ገብስ የጫነ አህያ የሚነዱ አባት ከኋላዬ መጥተው ደረሱብኝና "ሱታ፣ ሱታ" እያሉኝ አለፉ፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። እሳቸው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እርምጃቸውን አይቼ ተከተልኩ፤ አጭር እርምጃ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ሳይቆሙ። የተራራ ሰው አይቸኩልም፣ ግን አይቆምምም። በዚያ መንገድ ስሄድ ደረቴ ተከፈተ፣ ዓይኔም እንሰቱን፣ ጥዱን፣ በቁልቁለቱ ላይ የተንጠለጠሉትን ማሳዎች ማየት ጀመረ። ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካልተወችሁ ፈረስ ያዙ። ፈረስ መያዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ባለፈረሶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ ተራ ጠብቀው ነው የሚሠሩት፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙና የተስማማችሁትን ክፈሉ። መሀል ዳገት ላይ ዋጋ የሚከራከር ጎብኚ ሳይ በጣም ነው የምናደደው።

ሐይቁ መሀል ደሴት አለ፣ የወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት። ወደዚያ የሚያሻግሩት በጀልባ ነው። እኔ በጠዋት ሄጄ ጀልባውን የሚቀዝፈውን ልጅ "እስቲ እኔም ልሞክር" አልኩት። ሳቀና መቅዘፊያውን ሰጠኝ። ያሳየኝ ነገር አሁንም እጄ ላይ አለ። ክንድህን ተወው አለኝ፣ በጀርባህ ሳብ፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አስገባ፣ ሳትረጭ አውጣ። አንዴ ልኩን ሲያገኝ ጀልባው ራሱ ይሄዳል፣ ውሃውም ከስሩ ይሰነጠቃል፣ የምትሰሙት የመቅዘፊያውን ጠብታ ብቻ ነው። ሞተር ጀልባ ይሄን አይሰጣችሁም።

እዚህ ላይ ኮስተር ልበል። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዳሩ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ ገባችሁ ማለት እግራችሁ መሬት ላያገኝ ይችላል። በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ትንፋሹ ከቁጥጥር ውጪ ይጣደፋል፣ ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ዋና የሚችልም ሰው በዚህ ይሞታል። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። "ቅርብ ነው፣ ምን ይሆናል" ቢሏችሁም አትውጡ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነማ ጭራሽ። ሌላው ሰዓት ነው። ጠዋት ውሃው ፀጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ይንቀሳቀስና ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበልም ይመጣል። ነፋስ ከያዛችሁ የጀልባውን አፍ ወደ ማዕበሉ አዙሩ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ማንም አይቁም።

ዓሣ ማጥመድ የምትወዱ፣ ለእናንተ ከጅማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ከከተማችን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ። የተራራ ሐይቅ አይደለም፣ ሰው የሠራው ነው፣ ግድቡ 1996 ላይ ነው ሥራ የጀመረው፣ ግን ዓሣ አለው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛም አለ። ቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ ይወዳል፣ ጠዋትና ማታ ዳር ዳር ይመጣል፣ ትል ወይ ጠበቅ ያለ ሊጥ ይበቃዋል። አምባዛ የታች ዓሣ ነው፣ ሲመሽ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ትዕግሥትና ጠንካራ ክር ይፈልጋል።

ስለ ቆሮሶ አንድ ነገር ካወቅኩ ወዲህ አጠማመዴ ተለውጧል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ በደንብ አትበላም፣ ትከሳለች፣ ግን አትተዋቸውም። ዳር ላይ በጠባብ ቀዳዳ መረብ የሚጎትት ሰው እሷንም፣ ልጆቿንም፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣም አንድ ላይ ነው የሚያወጣው። እኔ ትንንሾቹን መንጠቆውን በእርጥብ እጅ አውልቄ እመልሳለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ባላቸው ደጋ ሐይቆች ላይ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው፣ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ፣ ቶሎም አይራባም። ብርድ የሚወድ ዓሣ ማጥመድ የሚያምረው ሰው ወደ ባሌ ይሂድ፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት እዚያ ተራራ ወንዞች ውስጥ አለ። ስትሄዱ ግን ከፓርኩ ፈቃድ ጠይቁ።

አሁን ወደ ወንጪ ልመለስና ለእኛ ለጅማ ሰዎች ለምን ቅርብ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከወንጪ የሚወጣው ውሃ ዋልጋ ወንዝ ነው። ዋልጋን ሁላችሁም ተሻግራችሁታል፣ በወሊሶና በወልቂጤ መሀል። ያ ውሃ ወደ ጊቤ ተፋሰስ ይሄዳል። የእኛ አዌቱ ደግሞ ከተማችንን አቋርጦ በቦዬ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ ግልገል ጊቤም ወደ ታላቁ ጊቤ። ከዚያ ሁለቱም ኦሞ ሆነው እስከ ቱርካና ይወርዳሉ። ደሴቱ አጠገብ የቀዘፍኩበት ውሃና ልጅ ሆነን ድንጋይ የወረወርንበት አዌቱ በአንድ አልጋ ይፈሳሉ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ "የሌላ አገር ሐይቅ" ማለት አቆምኩ።

ለዚህም ነው ቆሻሻው የሚያሳስበኝ። ወንጪ በፈረንጆቹ 2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል፣ በገበታ ለሀገርም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተሠርቷል። መንገዱ ተሻሽሏል፣ ሰውም በዝቷል። ደስ ይላል፣ ይገባዋልም። ግን የጉድጓዱ ቅርፅ እንደ ሳህን ስለሆነ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የወደቀ ነገር ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሳሙና፣ ከታረሰ ቁልቁለት የሚታጠበው አፈር። አፈሩን ጎብኚ አያመጣውም፣ ለገበሬው ከእርሻ ሌላ ገቢ ሲኖረው ግን ያ ገደላማ ማሳ ማረፍ ይችላል። ስለዚህ ፈረሱንም፣ ጀልባውንም፣ የተቀቀለ ድንችና ማር የሚሸጡትንም ልጆች አትለፏቸው። ምግብ ሁሉ ከከተማ ጭኖ መጥቶ ቆሻሻውን ብቻ ጥሎ የሚሄድ ጎብኚ ለዚያ ቦታ ምን ጠቀመው?

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው ጥሩው። ክረምት ላይ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጉሙ ሐይቁን ይሸፍነዋል። ከጅማ ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ ወሊሶ ምሳ ብሉ፣ ማታ ወንጪ እደሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ጀልባ፣ ከዚያ ዳገቱን ፀሐይ ሳይበረታ ጀምሩ። ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን፣ አዲስ ጫማ ግን ለዚያ ቀን አታድርጉ። ጋቢ ወይም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ቆሎ። በሶ ቢኖራችሁ ደግሞ ከምንም ይሻላል።

እኔ አሁን ዓይኔን ደንዲ ላይ ጥያለሁ፣ ከወንጪ ማዶ ያለው፣ ሁለት ክብ ሐይቆች የተጋጠሙበት። ሁለቱን በእግር ማገናኘት እፈልጋለሁ። በእግር የሄደበት ሰው ካለ የት እንዳደረና ማን እንደመራው ድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑ።