ጣና ዳር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን አለ? እምቦጭ፣ እርሾና አንድ ካስማ

ሰላም ቤተሰቦች! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ቤት ቁጭ ብለን አይደለም የምናወራው። ውሃ ዳር ነን። ከኋላዬ የምታዩት ጣና ነው። ሹው የሚለው ድምፅ ሞገዱ ነው። ንፋሱ ማይኩን ትንሽ ይረብሸዋል፤ ግን እዚሁ ቆሜ ነው ማውራት የፈለግኩት።

የዛሬው ርእስ እናንተ የላካችሁልኝ ጥያቄ ነው። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአካባቢ ጥበቃ መሳተፍ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ጥያቄው ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ይበዛል። ደስ ይለኛል። እውነት ደስ ይለኛል። ስለዚህ ዛሬ በደንብ እንመልሰዋለን።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ባሕር ሳይኖረን የዳርቻ ጽዳት ምን አመጣው?» ብላችኋል። ከተማዋን ማን ብለን ነው የምንጠራት? ባሕር ዳር! የድሮ ሰው ይህን ውሃ አይቶ ባሕር አለው። አልተሳሳተም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ዳር ላይ ቆማችሁ ማዶውን ፈልጉት፤ አታገኙትም። ዳርቻ አለን። ብዙ ዳርቻ አለን።

እሺ፣ ቀኖቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ማስታወሻ ያዙ። ጥር 25 ገደማ የዓለም ረግረጋማ ቦታዎች ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ 1971 ራምሳር በምትባል የኢራን ከተማ ለተፈረመው ስምምነት መታሰቢያ። መጋቢት 13 የውሃ ቀን። ግንቦት 28 የአካባቢ ቀን። ክረምት ሲገባ አረንጓዴ አሻራ አለ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ። መስከረም ላይ ደግሞ፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ዓለም አቀፍ የዳርቻ ጽዳት ቀን አለ። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1986 ከቴክሳስ የተነሳ ነው። በዚህ ጽዳት የምወደው ነገር አለ። ሰው ቆሻሻ ለቅሞ ብቻ አይሄድም፤ ይቆጥረዋል። ስንት ሃይላንድ? ስንት ፌስታል? ስንት ክዳን? ሁሉም ይጻፋል። ይቺን «ይጻፋል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር። የእምቦጭ ዘመቻ፤ ጣናን የወረረውን የውሃ ላይ አረም መንቀል ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዘመቻዬ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ነው። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ፎገራ በኩል ሄድን። ቲሸርት ታደለን። ዘፈን፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ገባን።

እምቦጭን በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ያብረቀርቃል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ያምራል። የቅጠሉ ማንጠልጠያ ከታች አብጧል። በጣታችሁ ስትጨምቁት እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውስጡ አየር ነው። የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ሥሩ ጥቁር ነው፤ እንደ ረጅም ፀጉር ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጭቃና ትንንሽ ቀንድ አውጣ ተጠላልፈውበታል። አንዷን ስትስቡ አሥሩ ተከትለው ይመጣሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘዋል። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ደግሞ ይከብዳል። በጣም ይከብዳል። እስከ ስምንት ሰዓት ስንጎትት ውለን ቀና ብዬ ሳይ፣ ያጸዳነው ቦታ ከአንድ ቮሊቦል ሜዳ ብዙም አይበልጥም።

አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ዳር አስይዘው ያዩናል። ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እኔም ሞቅ ብሎኝ «አይዞዎት አባቴ፣ እንጨርሰዋለን» አልኳቸው። «ተባረኩ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና «ሚያዝያ ላይስ ትመጣላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለምን ሚያዝያ እንዳሉም አልገባኝም ነበር። ይህ ቪዲዮ የተሠራው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ ልግባ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ተደጋግሞ ተጽፏል። «በበጋ ውሃው ሲሸሽ እምቦጭ ራሱ ደርቆ ይሞታል። ተማሪውን ለምን ታለፋላችሁ?» አንድ ሁለት ሰው ቢሆን አልፈው ነበር። ግን ብዙ ናችሁ። ስለዚህ እዚህች ላይ እንቁም።

ግማሹ እውነት ነው። ጣና ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄድና ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅተኛ ቦታው ይደርሳል። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ የቀረው እምቦጭ ይደርቃል። ቡናማ ይሆናል፤ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ያየ ሰው «ሞተ፣ ተገላገልን» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን እናቶቻችሁን አስቡ። እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል አይደል? ዱቄቱ በውሃ ይለወሳል። እርሾ ይገባበታል። ቡሃቃው ይከደናል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አብሲቱ ይጣላል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ምጣዱ ይጣዳል። እንጀራው አንድ ሁለት እያለ ይወጣል፤ ቤቱ ይሸታል፤ ልጆች የመጀመሪያዋን ትኩስ እንጀራ ይሻማሉ። በመጨረሻ ሊጡ ያልቃል። ሞሰቡ ሞላ፣ ምጣዱ ተነሳ። አለቀ?

አላለቀም። እናቴ ከመጋገሯ በፊት ከሊጡ ላይ ትንሽ ቀድታ አስቀርታለች። ቢጫ ውሃ ናት፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አትመስልም። እሷ እርሾ ናት። በሚቀጥለው ዱቄትና ውሃ ሲጨመርባት፣ ያ ሁሉ ሊጥ እንደገና ይነሳል። እርሾ ያለቀባት ጎረቤት ደግሞ በኩባያ ትበደራለች። ከአንድ ቤት የወጣች እርሾ ሰፈሩን ሁሉ ታበላለች።

አሁን ወደ ጣና ተመለሱ። የምታዩት እምቦጭ ሊጡ ነው። ዘሩ እርሾው ነው። የዳርቻው ጭቃ ቡሃቃው ነው። ሊጡ ሲደርቅ እርሾው ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ይቆያል? እስከ 20 ዓመት! ክረምት ሲመጣ ደግሞ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ያመጣሉ። ያ ዱቄቱ ነው። ጭቃው ሲርስ፣ ፀሐይ ሲያገኝ፣ እርሾው ይነሳል። ከዚያ በኋላ ዘር እንኳን አያስፈልገውም፤ አንዷ ተክል ከጎኗ ሌላ ታወጣለች፣ ያቺም ሌላ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እርሾ መበደሩስ? በጀልባው፣ በመረቡ፣ በከብቱ ኮቴ ላይ ተጣብቆ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ይሻገራል።

አያችሁ? «በበጋ ይሞታል» ማለት «ሊጡ አለቀ» ማለት ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይላል። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ አገር ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ውስጥ ነው። ጣና ላይ በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ በጋ አልፏል። በበጋ የሚሞት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለሱ ባላወራን ነበር።

«ጢንዚዛ ይለቀቅበት» ላላችሁም በአጭሩ፦ እምቦጭን ብቻ የምትበላ ጢንዚዛ አለች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ረድታለች። ጥያቄው የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ቪዲዮ እሠራለታለሁ። እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት።

እንግዲህ «ሚያዝያ ላይስ?» ያሉት አባት ትክክል ነበሩ። እኛ የምንመጣው ሊጡ ቡሃቃውን ሞልቶ ሲፈስ ነው። ሚያዝያ ላይ እርሾው ጭቃው ውስጥ ሲጠብቅ፣ ክረምት ላይም ሲነሳ ማንም የለም። እኔ የማምነው ይህንን ነው፦ ለተማሪ ትልቁ ዕድል የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም። አንድ ቦታ መርጦ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሱ ማየት ነው። መንቀሉ አይቅር፤ ጉልበት ያስፈልጋል። ግን ማሽንም ይነቅላል፣ ገበሬውም ይነቅላል። «የት በቀለ? መቼ አበበ? ውሃው የት ደረሰ?» ብሎ በየሁለት ሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ነው የጎደለው። እሱን ተማሪ ይችላል። ዳርቻው ከግቢው ብዙ አይርቅም።

እንዴት? 50 ሜትር ዳርቻ ምረጡ። ካስማ ትከሉ። በየሁለት ሳምንቱ እዚያው ካስማ ጋ ቆማችሁ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ውሃው ከካስማው ስንት እርምጃ እንደራቀ ጻፉ። አበባ ካያችሁ ለብቻው ጻፉ፤ አበባው ዘር ሳይሆን መነቀል አለበትና። የውሃውን ጥራት ለማየት ሴኪ ዲስክ ሥሩ። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን ነው፤ ገመድ ታስሩለታላችሁ፣ ወደ ውሃ ታወርዳላችሁ፣ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ትለካላችሁ። ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 የሞከረው ነው፤ እስካሁን ዓለም ይጠቀምበታል። ከሳተላይት ማየት ለምትፈልጉ ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ምስል በነፃ ነው፣ በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ያሳያችኋል፤ ቀዩን ብርሃንና በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ታነጻጽራላችሁ፣ አረንጓዴው ይወጣላችኋል። ክረምት ላይ ደመና ከከለከላችሁ ሴንቲኔል 1 ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም። ይኸው ነው። የሪሞት ሴንሲንግ ኮርስ የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ።

«እኔ ባዮሎጂ አይደለሁም» የምትሉ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆናችሁ ካርታው የእናንተ ነው። ሕግ ከሆናችሁ ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ፤ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይላል። ዳርቻው ላይ ሎጅ ሲሠራ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተደርጎ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 299ን አንብቡ። ኬሚስትሪ ከሆናችሁ ማዳበሪያው ወደ ውሃው የሚያስገባውን ናይትሬትና ፎስፌት መለካት አለላችሁ። ከተነቀለው ኮምፖስት መሥራት የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክምሩ በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትም። እርሾውን በጆንያ ጭናችሁ ለገበሬው አደላችሁት ማለት ነው።

ወፍ የምትወዱ፣ ጥር ላይ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ከፈረንጆቹ 1967 ጀምሮ። ከሰሜን አውሮፓ ከሚነሱት ክሬን ከሚባሉት ረጃጅም ወፎች የተወሰኑት የአውሮፓን የብርድ ወቅት የሚያሳልፉት እዚህ እኛ ጋ፣ ጣና ዙሪያ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ስታዩዋቸው ግራጫ ሕዝብ የተሰበሰበ ይመስላል። ኢበርድ የሚባለውን መተግበሪያ አውርዱ፣ ያያችሁትን መዝግቡ። ነፃ ነው፤ በዓለም ያለ ተመራማሪም ያየዋል።

ዕድሎቹ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጣና ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮና ሰው አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ዩኔስኮ በዚህ ፕሮግራሙ ለወጣት ተመራማሪዎች ሽልማት ይሰጣል፣ የወጣቶች መድረክም ያዘጋጃል። እዚህ ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በውሃ ላይ የሚሠራ ተቋም አለው። ለኢንተርንሽፕ ስታንኳኩ ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ደብዳቤያችሁ ክምር ውስጥ ይገባል። የአንድ ዓመት ፎቶና ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ወንበር ስበው ያስቀምጧችኋል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁም በግማሽ አለቀ ማለት ነው፤ የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ ዳታ ፍለጋ ከመሯሯጥ ትድናላችሁ።

ዘመቻ ለምታዘጋጁ ክበቦች አንድ ልመና አለኝ። የቲሸርቱን ገንዘብ ቦት ጫማና ጓንት ግዙበት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ከውሃው በቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ ነው። ተማሪ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንዲውል ማድረግ ልክ አይደለም። ጉማሬም አለ፤ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ደንገል ውስጥ አትግቡ። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ዋና ብትችሉም ልበሱ። ከከተማ ስትወጡ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ቀድማችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ከተማ ውስጥ ያለው ዳርቻ ይበቃል፤ ሃይላንዱም ፌስታሉም እዚሁ ሞልቷል።

ካስማ የተከላችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። ከየት ቦታ እንደሆነና ቀኑን መጻፍ አትርሱ። የሁላችሁንም በአንድ ካርታ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሚያዝያ ላይ አብረን እናየዋለን።

የእኔ ካስማ ያቺ ናት፤ ከደንገሉ በስተግራ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረባት። ከሁለት ሳምንት በፊት ውሃው እግሯ ሥር ነበር። ቦቴን ላድርግና ዛሬ የት እንደደረሰ ልለካ።