ወጣቱን የጠራችሁት ለደቦ ነው ወይስ ለወንፈል?

(ምስል፦ በረንዳ፣ ጠዋት፣ ከታች የጀሪካን ሰልፍ)

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ሰነበታችሁ? ከቦሌ አራብሳ ነው የማወራችሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። ከኋላ የሚሰማችሁ ኳኳታ የጎረቤት ባልዲ ነው። ዛሬ የውሃ ተራችን ስለሆነ ብሎኩ በሙሉ ደረጃ ላይ ነው። ቀረጻውን ለነገ ላድርገው ብዬ ነበር፣ ነገ ደግሞ መብራቱን ማን ያውቃል። ታገሱኝ።

የዛሬው ርዕስ ስሙ ብቻ ያስተኛል። «በሲቪል ማኅበረሰብ አጋርነት የወጣቶች ተሳትፎና ትምህርት»። ሲቪል ማኅበረሰብ ማለት ኤንጂኦው፣ በጎ አድራጎቱ፣ ማኅበሩ ነው፣ መንግሥት ያልሆነው። አያችሁ? አንዱ አሁኑኑ ዘግቶ ወጣ። ቆይ፣ አትውጡ! ይቺን ዓረፍተ ነገር እኮ ታውቋታላችሁ። አዳራሽ ውስጥ፣ ባነር ላይ፣ ከላይ ሎጎ፣ ከታች ሎጎ፣ መሃል ላይ እሷ። እኔ በዚህ ባነር ሥር ተቀምጬ 11 ሰርተፍኬት ሰብስቤያለሁ። እናቴ በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ታወጣቸዋለች። ሥራ ያስቀጠረኝ ግን አንድም የለም።

ጥያቄዬ አንድ ናት። ወጣቱን ሲጠሩት ለደቦ ነው ወይስ ለወንፈል?

ኮንዶሚኒየም ያደጋችሁ ልጆች ደቦን የምታውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ነው፣ አይፈረድባችሁም። እኔም በደንብ የገባኝ ከብሎካችን ጀርባ ባሉ አንዲት እናት ነው። እማማ ነው የምንላቸው። እኛ ዛሬ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ድሮ ጤፍ ይዘሩ ነበር። ቡና ሲያፈሉ ከሄድኩ ቶሎ አልመለስም።

ደቦ እንዲህ ነው። አጨዳው ደረሰ፣ ሰው አነሰህ። ጠላ ታስጠምቃለህ፣ እንጀራ ታስጋግራለህ፣ ሰፈሩን ትጠራለህ። ሰው ይመጣል። እየዘፈነ ያጭዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እህሉ የማን ነው? ያንተ። ጎተራው የማን ነው? ያንተ። መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም፣ ደቦ ደስ ይላል፣ ዘፈን አለው። ግን ሒሳቡ እዚያው በጠላ ተዘጋ።

ወንፈል ሌላ ነው። እማማ በኦሮምኛ ዳዶ ነው የሚሉት። ወንፈል ላይ ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ ከዋልኩ፣ አንተ አንድ ቀን አለብህ። በሬዬን ጠምጄ ከመጣሁ በሬህን ጠምደህ ትመጣለህ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፣ ግን አንድም ሰው አይረሳም። ብድር በምድር ማለት ይሄ ነው። እማማ ምን አሉኝ መሰላችሁ፦ «የደቦ ሰው ሲቀር ጠላው ይተርፋል። የወንፈል ሰው ሲቀር ግን ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቀዋለን።»

ይቺን ስሰማ አዳራሹ ታወሰኝ። ቲሸርቱ ጠላው ነው። አበሉ እንጀራው ነው። ሰርተፍኬቱ ደግሞ ንፍሮ ነው፣ ስትወጣ በኪስህ ይዘኸው የምትሄደው። እህሉስ? እህሉ ሪፖርቱ ነው! «ይህን ያህል ወጣቶች በንቃት ተሳትፈዋል» የሚለው። እሱ የማን ጎተራ ገባ? የኛ አይደለም። በነጋታው ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። ያቺ ነች ችግሯ።

ሦስተኛ ደግሞ አለ፣ ዘመቻ። በ1967 እድገት በኅብረት ተብሎ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፣ እያደር በ15 ቋንቋዎች ማስተማር ተቻለ፣ ዩኔስኮም ሸለመው። እኔ ውጤቱን አልክድም። አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ያኔ ነው፣ ያስተማራት ልጅ ደግሞ ገና ጢም ያላወጣ ነበር ትላለች። ግን ያ ትዕዛዝ ነው። አጋርነት ለማለት ወጣቱ እንቢ ማለትም መቻል አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ወጣት ማን ነው? በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲያችን ከ15 እስከ 29 ይላል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክሱ ከ15 እስከ 24። እኔ 31 ነኝ። ወረዳ ስገባ አርጅቻለሁ፣ አፍሪካ ኅብረት በር ላይ ስደርስ ወጣት እሆናለሁ፣ ኒው ዮርክ ከሄድኩ ጡረታ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉ እንግዲህ፣ ሳላረጅ!

(ምስል፦ ወረቀቶች በፍጥነት ያልፋሉ)

እሺ፣ ራሳችሁ ማኅበር ማቋቋም ለምትፈልጉ የሕጉን ነገር ቶሎ ቶሎ ልበለው። ሕጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 ሰው። መተዳደሪያ ደንብ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ምዝገባው ፌዴራል ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሸገር ከተማ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጉዳያችሁ ከኦሮሚያ ጋር ነው፣ እኛ ዳር ያለን ሰዎች መከራችን ይሄ ነው፣ አንድ ታክሲ ተሳፍሮ ሁለት መንግሥት። ትምህርት ቤት ውስጥ ገብታችሁ ለመሥራት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ። በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም። ጨረስኩ።

አሁን ወንፈልን ወደሞከርንበት፣ ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ልገባ ነበር። ግን አልቻልኩም። ያለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ወንድማችን የጻፈው አስተያየት ስላለ ነው፣ ላይኩ ደግሞ ከኔ ቪዲዮ ይበልጣል። «ወንድሜ ሕዝብ አታሳስት፣ የውጭ ብር የሚያገኝ ኤንጂኦ ስለ መብት ማስተማር ክልክል ነው። ደግሞ 30 በመቶውን ለራሳቸው እንዲበሉ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል።»

ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ከሜዳ አላመጣኸውም። አልተሳሳትክም፣ ዘገየህ እንጂ። አንተ የምታወራው ስለ ድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ስለ 621/2001 ነው። በዚያ ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሕፃናት መብት፣ በጾታ እኩልነት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። እውነት ነው። 10 ዓመት ቆየ። በዚያ 10 ዓመት ብዙ ድርጅት ምን አደረገ? ደብተርና ወንበር ማደል። ወንበር ክፉ አይደለም፣ ግን ወንበር አይከራከርም። የክርክር ክበብ ከማቋቋም ወንበር መግዛት ይቀል ነበር፣ እኔ የተማርኩት በዚያ ዘመን ስለሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

የ2011ዱ አዋጅ ያንን የ10 በመቶ አጥር አነሳው። ደግሜ ልበለው፣ ተነስቷል። ስለ መብት ማስተማር ይቻላል።

70/30 ስለምትሉት ደግሞ፣ 70 ለሥራው፣ 30 ለአስተዳደር የሚባለው። ድሮ አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥም ነበር፣ አሁን ከ20 አይበልጥም። ይሄን ስል አንዷ እህታችን «ታዲያ ጠበቀ እንጂ የት ላላ?» አለች። ጎበዝ ጥያቄ ነው። አየሽ፣ ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ አይደለም፣ ምኑ ነው አስተዳደራዊ የሚባለው የሚለው ላይ ነው። ድሮ ሥልጠናውም ትራንስፖርቱም ጭምር አስተዳደራዊ እየተባለ ይቆጠር ነበር። ወጥ ስትሠሪ ሥጋውን ብቻ «ወጥ» ብለሽ፣ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን በሙሉ «የኩሽና ወጪ» ብትይው እንደማለት ነው። እንደዚያ ተቆጥሮ ማን ወጥ ይሠራል? የድርጅታቸው ሥራ ራሱ ማስተማር የሆነ ሰዎች ደግሞ ወጣቸው በሙሉ ሽንኩርት ነው! አሁን ከፕሮጀክቱ ጋር የማይያያዘው፣ ድርጅቱ ቆሞ እንዲሄድ የሚወጣው ነው አስተዳደራዊ የሚባለው። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ እንዲህ ያለው።

ሲቪል ማኅበረሰብ ማለት የግድ ላንድ ክሩዘር ማለት ደግሞ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የተማሪ ምገባ የከተማው ሥራ ነው፣ ልጆቻችሁ ይበላሉ። ከዚያ በፊት ግን የእናት ወግ የሚባል በጎ አድራጎት ማኅበር በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ይመግብ ነበር። በ2012 አስተዳደሩ ራሱ ሲገባበት ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች ጋ ደረሰ። ማኅበር በትንሽ ድስት ሞክሮ ያሳያል፣ መንግሥት በትልቁ ይጥዳል። በቃ፣ አስተያየቱን መለስኩ፣ ላይኬን ስጡኝ።

አሁን ቤተ መጻሕፍቱ።

  እንግዲህ እኛ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ ስሙን ተዉት። አንድ ድርጅት፣ ስሙን እሱንም ተዉት፣ መጽሐፍ አመጣ፣ መደርደሪያ አሠራ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኛም ቲሸርት ለብሰን አጨበጨብን። ከዚያ ክፍሉ ተቆለፈ። አንድ ሙሉ ዓመት! በመስኮት መጻሕፍቱን ታያቸዋለህ፣ እንደ ሙዚየም።

እኛ መጀመሪያ ንብረት ክፍሉን ሰውዬ ነበር የምናማው። ኋላ ሄደን ስናዋራው ለካ ቁልፉን የያዘው ወዶ አይደለም። በፊርማው ነው የተረከበው። መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዙ ነው የሚቆረጠው። እናንተስ ብትሆኑ ትከፍቱ ነበር? እኔ ሁለተኛ ቁልፍ እጨምርበት ነበር።

ስለዚህ ወንፈል ተገባባን። እኛ የሰፈሩ ልጆች በየቅዳሜው ሁለት ሁለት እየሆንን መጻሕፍቱን ቁጥር ልንሰጥ፣ ልንለብድ፣ በኛ ፊርማ ልናውስ፣ ለ8ኛ ክፍሎችም ሒሳብና እንግሊዝኛ ልናስጠና። ትምህርት ቤቱ በምላሹ ቅዳሜ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን ሊከፍትልን፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን እንዲጽፍ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ዳኛ ሆነ። አንድ ሌላ ትንሽ ድርጅት ደግሞ የመለማመጃ ጥያቄ ሊያባዛልን ገባ። በስማችን ገንዘብ ከጠየቀ ግን በወር አንዴ መጥቶ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ሊያነብልን ነው። ለኛ! ለለጋሹ ብቻ ሳይሆን። ይቺን ስንጠይቅ ሰውየው ሳቀ፣ እኛ ግን አልሳቅንም።

እማማ ወረቀት የለም ይላሉ፣ እኛ ግን ከተሜ ስለሆንን እንረሳለን። አንድ ደብተር ገዝተን በር ላይ በሲባጎ አንጠለጠልን። ሁለት ዓምድ አለው፣ «የዋልነው» እና «ያለብን»። የፈለገ ተማሪ ገልጦ ያነባል። የ6ኛ ክፍል ልጅ ዳይሬክተሩን «ጋሼ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ባለፈው ቅዳሜ አልከፈታችሁም» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 11 ሰርተፍኬቴን በዚያች ደቂቃ እለውጣለሁ።

(ምስል፦ ደብተሩ፣ ከቅርብ)

እስከ ትናንት ያለው ሒሳብ ይሄ ነው። ትምህርት ቤቱ የሁለት ቅዳሜ አለበት። እኛ የአንድ፣ ዝናብ ነበር ብለን ቀረን፣ ምክንያት አይሆንም ተብሎ ተጻፈብን። ድርጅቱ ያለፈውን ወር ሒሳብ አላነበበልንም። ማክሰኞ ቢሮው ድረስ ሄደን እንጠይቀዋለን።

ውሃው እየቀጠነ ነው፣ ሁለት ጀሪካን ይቀረኛል። ቻው!