የቧንቧ ውሃ ምን አጠፋ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሳይንስ ክበባችን ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የዛሬው ርዕስ ከተማሪዎች የመጣ ጥያቄ ነው። «ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ፣ ለምንድን ነው ላቦራቶሪ ውስጥ ዲስቲልድ ካልሆነ የምትሉን?» ዲስቲልድ ማለት ፈልቶ እንፋሎቱ ተይዞ የቀዘቀዘ፣ የተነጠረ ውሃ ነው። ጥያቄው ትንሽ ቁጣም አለበት። አልፈርድባቸውም።

ከማውራት ማሳየት ይሻላል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቴስት ቲዩቦች አሉ። አንደኛው ጠዋት ከግቢያችን ቧንቧ የቀዳሁት ነው። ሌላው ዲስቲልድ ነው። በዓይን የሚለያቸው ካለ እጁን ያውጣ። የለም! አሁን በሁለቱም ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ላድርግ። ጓንት ያጠለቅሁት ለጌጥ አይደለም፤ ይቺ ጠብታ ጣት ላይ ካረፈች ጥቁር ምልክቷ ለቀናት አይለቅም። እዩት፦ የቧንቧው ነጣ ብሎ ደፈረሰ። ዲስቲልዱ እንደነበረ ነው።

ያ ነጭ ነገር ሲልቨር ክሎራይድ ይባላል። ሲልቨሩ ከእኔ ጠርሙስ መጣ፣ ክሎራይዱ (ጨው ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን ዓይነት) ከቧንቧው። አሁን ለአንድ ተማሪ የማይታወቅ ጨው ሰጥተን «ክሎራይድ አለው ወይስ የለውም?» ብንለውስ? ጨውን በቧንቧ ውሃ ካሟሟው፣ መልሱ ሁልጊዜ «አለው» ነው። ጨዉ ክሎራይድ ባይኖረውም ውሃው አለዋ!

ውሃችን ቆሻሻ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የወሎ ደጋ ባብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ የባዛልት ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ድንጋዩ ሲሰርግ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት እያሟሟ ይወርዳል። ከዚያ ለጤናችን ተብሎ ክሎሪን ይጨመርበታል። ለመጠጥ ክፋት የለውም፤ ካልሲየሙማ ይጠቅማል። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ከፍታችሁ እዩ። ከታች የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ባብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ግን እነዚህ ሁሉ ያልተጠሩ እንግዶች ናቸው። ባይካርቦኔቱ ከአሲድ ጋር ይዋሃዳል፣ የታይትሬሽን (አሲዱ ምን ያህል እንደሆነ ጠብታ በጠብታ የምትለኩበት ሙከራ) ቁጥራችሁ ይዛባል። ክሎሪኑም የራሱ ጣጣ አለው። እርሾ ወይም ባክቴሪያ የምታሳድጉ ልጆች፣ ክሎሪን ውሃ ውስጥ የሚገባው ጀርም ሊገድል መሆኑን አትርሱ።

የባሰው ግን ጠባዩ አንድ አለመሆኑ ነው። የክረምቱ ውሃ ከበጋው ይለያል። የደሴ ከኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻ ከወልድያ ይለያል። እናንተ እዚህ የሠራችሁትን ወልድያ ያለ ተማሪ ደግሞት ሌላ ውጤት ቢያገኝ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእናንተ? የእሱ? የውሃው? ዲስቲልድ ውሃ የሚመረጠው ከውሃ ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ ስለምናውቅ ነው፤ ከውሃ በቀር ከሞላ ጎደል ምንም የለም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ ይህ በደንብ ገብቶት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ዲስቲልድ ውሃ እንኳ ደጋግሞ ሲሞቅ አፈር የመሰለ ነገር ይተው ስለነበር «ውሃ ወደ አፈር ይለወጣል» የሚሉ ምሁራን ነበሩ። እሱ የዝናብ ውሃ ደጋግሞ አነጠረ። በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጎም 101 ቀን አሞቀው። ከዚያ ዕቃውን መዘነ። ክብደቱ ቀንሷል! አፈሩ የመጣው ከመስታወቱ ነበር። በተራ የምንጭ ውሃ ቢሠራው ኖሮ፣ አፈሩ ከውሃው ይሁን ከዕቃው ማን ይለየው ነበር?

«አፍልቼ ብጠቀምስ?» የሚል አይጠፋም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ከሚጋገረው በቀር ጨውን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ጨው ይበረክታል። ሃይላንድም አይሆንም፤ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ሶዲየሙ ካልሲየሙ ተዘርዝሯል። እንፋሎቱ ተይዞ መቀዝቀዝ አለበት። አባቶች ይቅር በሉኝና፣ አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ሥራው ያው ነው። ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ይህ ለማንጠር ችግር የለውም። መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ግን ድፉት፤ ክሎሪኑና ሌሎች ጋዞች ከእሱ ጋር ሊመጡ ይችላሉ። ሹፌሮች የሚገዙት የባትሪ ውሃም ለብዙው የትምህርት ቤት ሙከራ ይበቃል። የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ግን ሳታረጋግጡ እንዳትገዙ!

በሌላ በኩል፣ ለሁሉም ነገር ዲስቲልድ ማፍሰስ ብክነት ነው። ዕቃውን በቧንቧ ውሃ እጠቡ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በዲስቲልድ አለቅልቁት። ከሐይቅ ዓሣ የምታመጡ ልጆች ደግሞ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱብኝ፤ ጨው ስለሌለው ይሞትባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዲስቲልድ ውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ 7 ማለት አሲድም ቤዝም ያልሆነ ነው) ስትለኩ ድፍን 7 አትጠብቁ። ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ከ6 በታች ይወርዳል። መለኪያው ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ጠርሙሱን ክደኑት፣ የሞላችሁበትን ቀን ጻፉበት፣ ከቢከር የተረፈውንም መልሳችሁ አትገልብጡበት።

የማንጠሪያው ዕቃ ከኋላ በኩል ተዘጋጅቷል። የ9ኛ ክፍሎች ቀድማችሁ ኑ፣ ሌሎቻችሁ በተራ። አመሰግናለሁ።