«ሃን» ለምን 54620 ሆነ? የኮሪያ ፊደል አሠራርና የኮምፒውተር ቁጥሩ

[በስክሪኑ ላይ፦ «ሃን» ተብሎ የሚነበበው የኮሪያ ፊደል ገዝፎ፤ ሦስቱ ክፍሎቹ በተለያየ ቀለም]

ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሦስት ፊደሎች አሉ። በግራ «ህ»፣ በቀኝ «ኣ»፣ ከግርጌ «ን»። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጀው ሃንጉል እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ የአንድ ክፍለ ቃል ድምፆች በሙሉ አንድ ካሬ ውስጥ ይገባሉ።

ቦታ የሚመድበው አናባቢው ነው። ቋሚ መስመር ከሆነ ከተነባቢው በስተቀኝ ይቆማል፤ አግድም ከሆነ ከሥሩ ይተኛል። ክፍለ ቃሉ በአናባቢ ቢጀምርም የመነሻው ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ድምፅ የሌላት ክብ ትገባበታለች።

[በስክሪኑ ላይ፦ 19 × 21 × 28 = 11,172]

መነሻ ተነባቢዎች 19፣ አናባቢዎች 21፣ መድረሻዎች 27 ናቸው። ታዲያ 28 ከየት መጣ? «መድረሻ የለም» የሚለውም እንደ አንድ ምርጫ ስለሚቆጠር ነው፤ ቁጥሩ 0 ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ፣ 11,172ቱንም ከ44032 ጀምሮ በተርታ ደርድሯቸዋል። ስለዚህ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም፤ ማስላት ይበቃል።

የመነሻውን ተራ ቁጥር በ588 አባዙ፤ 588 ማለት 21 በ28 ነው። የአናባቢውን በ28 አባዙ። የመድረሻውን እንዳለ ደምሩና 44032 ጨምሩ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 18 × 588 + 0 × 28 + 4 + 44032 = 54620]

ከ0 ሲቆጠር በተራቸው «ህ» 18፣ «ኣ» 0፣ «ን» 4 ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራውን ከ1 ሲጀምር ነው፤ ያኔ ፍጹም ሌላ ፊደል ይወጣል።

ይህ ምቾት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኒኮድ 2.0 ነው። የ1987ቱ የኮሪያ የፊደል ቁጥር መለኪያ 2,350 ክፍለ ቃላት ብቻ ነበሩት፤ ለቀሩት 8,822 የራሳቸው ቁጥር አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ዩኒኮድ ፊደሎቹን ተነጣጥለውም አስቀምጧቸዋል፤ ከ4352 እስከ 4607። ቀጥሎ ያለው 4608 የማን ይመስላችኋል? የእኛ «ሀ»! ጎረቤታሞች ነን። ግን «ሁ» አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያላት፤ ዩኒኮድ ወደ ተነባቢና አናባቢ አይፈታትም። «ሃን» ግን ወይ 54620 ነው፣ ወይ 4370፣ 4449 እና 4523 ተከታትለው። ለዓይን አንድ ናቸው። የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 ግን አንዱ 3 ባይት፣ ሌላው 9 ባይት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ፍለጋውም አንዱን በሌላው አያገኝም። ማክ ላይ የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ስሙ የሚበታተነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ጽሑፉን ከማስቀመጥ ወይም ከማነጻጸር በፊት ኤንኤፍሲ ወደሚባለው የተገጣጠመ መልክ መለወጥ ነው። ለማረጋገጥ፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮሪያኛውን «ሃን» ስንት ፊደል ብሎ እንደሚቆጥር እዩ፤ 1 ካለ ገጥሟል፣ 3 ካለ ገና እንደተፈታ ነው።